አርባ ቅጠል

እናቴ ሌት ቁጭ ብላ፣ በገዛ እጇ ጽፋ፣
አሥራ ሁለት ጥያቄ በክላሴር አቅፋ፣
«ዛሬ ጨዋታ የለም፣ ትምህርት ነው» አለችን፤
አባቴ መኪናውን ሲያስነሣ ሣቀብን።
ኢፔይ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ አምስት ዓመት ያልሞላው፣
መንገዱን በሙሉ «ደረስን ወይ?» ነው ሥራው።

ከሂሮሳኪ ወጣን። ኢዋኪ ተራራው
የደመና ባርኔጣ ደፍቶ ነው ያገኘነው።
የቶኩዞ ማሳ በር ላይ አሮጌ ሚዛን ቆሟል፤
ከሥሩ ያረጀ ውሻ ተኝቶ ያንኮራፋል።
ሽማግሌው ወጣ፣ ጓንቱን እያወለቀ፣
ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣ ቀና ብሎ ሣቀ።
«ፖም የሚበላ ሞልቷል፣ ፖምን የሚያውቅ የለም፤
ኑ!» አለና መራን፣ ወደ ዛፎቹ ዓለም።

መሬቱ ብር ለብሷል፣ የሚያንጸባርቅ ጨርቅ፣
ፀሐይ ከታች ወደ ላይ ተመልሳ እንድትፈልቅ።
«የፖም ቂጡ» አለን፣ «ጥላ ነው፣ አይቀላም፤
ከላይ ብቻ ቢበራ ፊቱ ሁሉ አይሞላም።»
ኢፔይ «ቂጥ» የሚል ቃል ሰምቶ በሣቅ ፈነዳ፣
ተንከባለለልን በዚያ የብር ሜዳ።

ጥያቄ አንድ፦ ለአንድ ፖም ስንት ቅጠል ያስፈልጋል?

«አርባ» አለ ቶኩዞ፣ «ካነሰ ፍሬው አይጠና፤
አርባ ቅጠል ቀኑን ሙሉ ስኳር ያበስላልና።»
አላመንሁም። ቆጠርሁ። መሰላል ላይ ወጥቼ፣
ሠላሳ ሰባት ደረስሁ፣ ጠፋብኝ ረስቼ፤
እንደገና ከአንድ! አባቴ ከታች ሆኖ
«ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ሁለት» ይለኛል ተጀንኖ።

ቶኩዞ በዚያው መሐል፣ ፖሙን የጋረዱትን
ይቀነጥሳል አንድ በአንድ፣ ጥላ የጣሉበትን።
«አብልተው አሳድገው እንዴት ይቀጠፋሉ?»
«ሥራቸውን ጨርሰው ብርሃን ይከለክላሉ።»
«ጻፊ» አለች እናቴ። ጻፍሁ።

ጥያቄ ስድስት፦ በፀደይ ከአንድ እምቡጥ ስንት አበባ ይወጣል?

«አምስት» አለ። እጁን ከፍቶ ጣቶቹን ዘረጋ፤
«የመሐሉን አስቀራለሁ፣ እሱ ነው ባለጸጋ።
አራቱን በጥፍሬ ቆንጥሬ እጥላለሁ፤
አምስቱን ብተዋቸው አምስት ድንክ አገኛለሁ።»
በደብተሬ ላይ ጻፍሁ፣ «አራት» ብዬ በትልቁ፤
ከዚያም፦ «የወደቁት አራቱ፣ መውደቃቸውን አወቁ?»

ሽማግሌው መልስ ፈለገ፣ ባርኔጣውን አነሣ፣
ራሱን አከከና መልሶ መድፋት ረሳ።
እናቴ ግን፣ እናቴ የብሩን ጨርቅ አየች፣
ፊቷ ከፖሞቹ ጋር ተገልብጦ፣ ቆየች።
በበረዶው ወር ሦስት ቀን ከቤት የጠፋች ጊዜ፣
አባታችን ሩዝ አሳርሮ ያበላን በትካዜ፣
ቢጫው የሕፃን ብርድ ልብስ ከመሳቢያው የታጣው
ያን ሰሞን ነበር። ማን እንደወሰደው
አልጠየቅሁም ነበር።

«አላውቅም» አለ ቆይቶ፣ ጓንቱን አጥልቆ ዳግም፤
«ይቅርታ ግን እላቸዋለሁ፣ ሰው ካለ አልናገርም።»
እናቴ አንገቷን ነቀነቀች። እስክሪብቶዋን ከደነች።

ያኔ ኢፔይ ደረሰ፣ አፉን በፖም ሞልቶ፣
ትል የቀደመውን ግማሽ በመዳፉ ይዞ መጥቶ፣
«እማ፣ ትሉን ዋጥሁት! ይኼስ ጥያቄ ስንት ነው?»
ሣቀች፣ ሣቀች፤ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችው።

ሚዛኑ ሦስት ኪሎ ላይ ሲወዛወዝ ኖረ፤
ቶኩዞ «ለቆጣሪዋ» ብሎ አንድ ቀይ ጨመረ።
ክላሴሩ ወንበር ሥር ወደቀ፤ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት
ባዶ ነው፣ የአንድ ትንሽ ጫማ ጭቃ ብቻ አለበት።

ሲመሽ ኢፔይ መስኮቱን በትንፋሹ ጉም አልብሶ
ቅጠል በጣቱ ይሥላል፣ አጥፍቶ ይሥላል መልሶ፦
«ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሠላሳ አሥር።
በቃ፣ ጠገበ!»

አባቴ በመስታወቱ አየን።
እናቴ፣ ነጥብ እንኳ ስትጎድል የማታልፈው እናቴ፣
አላረመችውም።